ትሑት መሪ ይናቃልን? ከአንድ የእድር ጥያቄ የተነሣ ክር

የመነሻው ጽሑፍ

ይህን የበይነ መረብ የውይይት ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ የመጡትን መልሶች በተራቸው መተረክ የእኔ ድርሻ ነው። ብዙዎች መሐል ላይ ገብተው መነሻውን ሳያነቡ ስለተከራከሩ፣ አስቀድሜ የጻፍኩትን ልድገመው።

በሙያዬ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ከሁለት ዓመት በፊት የሰፈራችን እድር ዳኛ ሆኜ ተመረጥኩ። ከእኔ በፊት የነበሩት ዳኛ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቃቸው ሽማግሌ ናቸው። ሰው በሞተ ሌሊት ከሁሉ ቀድመው ዕቃ ቤቱን የሚከፍቱ፣ የድንኳኑን ምሰሶ በትከሻቸው የሚሸከሙ፣ ሠልስት ሲያልፍ ወንበሩን ቆጥረው የሚያስገቡ እርሳቸው ነበሩ። ዳኛ ሆነው ምሰሶ መሸከማቸውን እንደ ክብር ማጣት እቆጥረው ነበር። ስመረጥ ለሸክሙ ሁለት የቀን ሠራተኞች ቀጠርኩ፣ መዝገቡን ወደ ኮምፒውተር አዛወርኩ፣ ሦስት ወር መዋጮ ያልከፈለ አባል አገልግሎት አያገኝም የሚለውን፣ በደንቡ ላይ ያለውን ነገር ግን ማንም የማይጠቅሰውን አንቀጽ አነሣሁ። ጉባኤው አጨበጨበልኝ።

በዚያው ዓመት ክረምት፣ ባላቸው ቀደም ብለው የሞቱባቸው አንዲት ጎረቤታችን እናታቸው ዐረፉባቸው። የሦስት ወር መዋጮ አልከፈሉም ነበር። በሌሊት የላኩብኝን ልጅ ድንኳን አይወጣም ብዬ መለስኩት። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ሽማግሌው መጡ። አልተቆጡኝም። የሦስቱን ወር መዋጮና ቅጣቱን ከኪሳቸው አውጥተው ለገንዘብ ያዡ ሰጡ። ደረሰኙ በከፋዩ ስም ይቆረጥ ብዬ ስላዘዝኩ በእርሳቸው ስም ተቆረጠ። ከዚያ ምሰሶውን አንሥተው ዝናብ ውስጥ ገቡ። እኔ ቁልፉን ይዤ ዕቃ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ቀረሁ።

ጥያቄዎቼ ሁለት ነበሩ። ትሑት የሆነ መሪ በእኛ አገር አይናቅም ወይ? የማይናቅ ከሆነስ፣ ትሕትናን ከአርባ ዓመት በኋላ መማር ይቻላል ወይ? ምክር ብቻ ከሚሰጡኝ በዓይናቸው ያዩትን፣ ወይም ሕይወቱ የታወቀ ሰው ያሳለፈውን እንዲጽፉልኝ ለመንኩ።

1ኛ መልስ

የመጀመሪያው መልስ የመጣው በወጣትነቱ ዲያቆን ከነበረ ሰው ነው። በጸሎተ ሐሙስ ሕጽበተ እግር ሲፈጸም ውኃ ይዞ ከአንድ አረጋዊ ካህን ጋር መቆሙን ጻፈ። ካህኑ ወገባቸው ታሞ ነበር። በወይንና በወይራ ቅጠል የምእመናኑን እግር ሲያጥቡ፣ ለእያንዳንዱ ሰው ጎንበስ ባሉ ቁጥር ሲያቃስቱ ይሰማ ነበር። ዲያቆኑ በዚያ ቀን ልብ ያለው ግን የሚያጥቡትን ካህን አይደለም፤ የሚታጠቡትን ሰዎች ነው። አንዳንዱ እግሩን ይሸሽጋል፣ አንዳንዱ ፊቱን ያዞራል። ጴጥሮስም በዮሐንስ ወንጌል 13ኛ ምዕራፍ ላይ እምቢ ያለው ለዚህ ነው አለ፤ ከማጠብ ይልቅ መታጠብ ይከብዳል።

ከዚያ ወደ እኔ ጉዳይ መጣ። ሽማግሌው ያንን ገንዘብ የከፈሉት ለሴትዮዋ ብቻ እንዳልሆነ፣ በዚያች ሌሊት የእኔንም እግር ሊያጥቡ እንደመጡ፣ እኔም እግሬን እንደሰበሰብኩ በለሰለሰ ቃል ነገረኝ። ይህን መልስ ካነበብኩ በኋላ ለረጅም ሰዓት ሌላ ነገር ማንበብ አልቻልኩም።

2ኛ እና 3ኛ መልስ

ሁለተኛዋ ጸሐፊ አበበች ጎበናን አነሣች። ወደ ግሸን ማርያም ለንግሥ ሄደው በመንገድ ላይ ረሀብ የጣለውን ሕዝብ ማየታቸውን፣ የያዙትን ዳቦና ጠበል ማካፈላቸውን፣ የሞተች እናቱን ጡት የሚጠባ ሕፃን አይተው ማለፍ እንዳቃታቸው ተረከች። ሁለት ሕፃናት ይዘው አዲስ አበባ ገቡ፤ ዓመት ሳይሞላ ልጆቹ ሃያ አንድ ደረሱ። ባለቤታቸው ወይ እኔን ወይ ልጆቹን ምረጪ ባሏቸው ጊዜ ልጆቹን ይዘው ወጡ። ጸሐፊዋ ያተኮረችው በኋላ ላይ ስለተከፈቱት ትምህርት ቤቶችና ስለ ድርጅቱ ስፋት አልነበረም። ያ ሁሉ ከመሆኑ በፊት ሴትዮዋ ልጆቹን ለማብላት እንጀራ እየጋገሩና ቆሎ እየቆሉ መሸጣቸውን ነው። መሪነታቸውን ማንም አልሾማቸውም፤ ከምጣዱ ሥር ጀመሩት።

ሦስተኛው ጸሐፊ የሁለተኛዋን ጽሑፍ አመሰገነ፣ ነገር ግን አንድ ስሕተት አረመ። ረሀቡን በ1977 ዓ.ም. (በ1984 እ.ኤ.አ.) ዓለም ካወቀው ከታላቁ ረሀብ ጋር አገናኝታው ነበር። የአበበች ጉዞ ግን ከዚያ ቀደም ብሎ በ1980 እ.ኤ.አ. ነበር። እርማቱ ትንሽ ይመስላል። እኔ ግን ትልቅ ነው እላለሁ፤ ሴትዮዋ ልጆቹን ያነሡት ካሜራና የእርዳታ አውሮፕላን ሳይመጣ፣ ማንም ሳያያቸው ነበርና። ሐምሌ 4 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. በኮሮና ሕመም ሲያርፉ ያለቀሰላቸውን ሕዝብ ያህል፣ በዚያ የግሸን መንገድ ላይ የተመለከታቸው አልነበረም።

4ኛ መልስ

እስከዚህ ድረስ ሁሉም በመከባበር ነበር። አራተኛው ጸሐፊ ግን ሁላችንንም በአንድ ላይ ገሠጸን። እንባና የቅዱሳን ታሪክ እድር አያስተዳድርም አለ። የሦስት ወሩን አንቀጽ ያወጣው ጠቅላላ ጉባኤው ነው፤ ዳኛ ለአንዲት ሴት አንቀጹን ካጠፈ ለሁለተኛው ሰው በምን አፉ ይከለክላል? እኔ ያደረግሁት ትክክል እንደሆነ፣ ሽማግሌው ግን በደግነት ስም ደንቡን እንዳቃለሉ ጻፈ። ቃሉ ደረቅ ነው፤ ክርክሩ ግን ባዶ አይደለም። ለሁለት ዓመት እኔም ለራሴ የምነግረው ይህንኑ ነበር፤ ከሌላ ሰው አፍ ስሰማው ለምን እንደቀፈፈኝ እስካሁን አስባለሁ።

5ኛ መልስ

ከደሴ የጻፈች እህት በወሎ እድር ቅሬ እንደሚባል አስታወሰችን። በእርሷ ቅሬ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አንድ ላይ ይቀበራራል፤ የሙስሊም መቃብር ሲቆፈር ክርስቲያኑ አካፋ ይዞ ይወጣል፣ በክርስቲያኑም ቀብር እንዲሁ። ከዚያ ለአራተኛው ጸሐፊ መልስ ሰጠች። በ615 እ.ኤ.አ. የነቢዩ ሙሐመድ ተከታዮች ከመካ ተሰደው ወደ ሐበሻው ንጉሥ ወደ ነጃሺ ሲመጡ፣ ቁረይሾች መልእክተኞችን ከስጦታ ጋር ልከው ስደተኞቹ ተላልፈው እንዲሰጧቸው ጠየቁ። ንጉሡ በዙፋኑ ሆኖ በአንድ ቃል መወሰን ይችል ነበር፣ ሹማምንቱም ይህንኑ ይመክሩት ነበር። እርሱ ግን ስደተኞቹን አስጠርቶ ከአፋቸው ሰማ። ከስደተኞቹ አንዱ ጃዕፈር ከቁርኣን የመርየም ምዕራፍ ሲያነብለት አለቀሰ፣ ስጦታውንም መልሶ ሰደደው። ሲሞትም ነቢዩ በሌለበት የጀናዛ ሶላት ሰገዱለት።

ነጃሺ ሕግ አላፈረሰም፤ ከመፍረዱ በፊት ሰማ እንጂ። በዚያች ሌሊት እኔ ለተላከው ልጅ የጠየቅሁት ጥያቄ አንድ እንኳን እንዳልነበረ፣ ሴትዮዋ ለምን ሦስት ወር እንዳልከፈሉ አለመጠየቄን ከጽሑፌ አንብባ አገኘችው። እውነቷን ነው። ምክንያቱን ያወቅሁት ከቀብሩ በኋላ ነበር፤ ገንዘቡ የእናታቸው መድኃኒት ሆኗል።

6ኛ መልስ

ስድስተኛው ጸሐፊ አራተኛውን ሰው ልብ የሌለው ብሎ ሰደበው፣ እኔንም አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት መጽሐፍ አጠበች በሚለው ተረት ገረፈኝ። ለእኔ የተባለው ይገባኛል። ለአራተኛው ሰው የተባለው ግን አልተገባም ነበር፤ ምክንያቱ በ13ኛው መልስ ይታያል።

7ኛ እና 8ኛ መልስ

አንድ የአትሌቲክስ ወዳጅ አበበ ቢቂላን አመጣ። በ1960 እ.ኤ.አ. በተጎዳው በዋሚ ቢራቱ ምትክ ሮም መሄዱን፣ በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ማሸነፉን ጽፎ፣ ባዶ እግሩን የትሕትና ምልክት አደረገው።

ስምንተኛው ጸሐፊ ይህን አጥብቆ ተቃወመ፤ እኔም ከእርሱ ጋር ነኝ። አበበ በባዶ እግሩ የሮጠው የሚመቸው ጫማ ስላልተገኘና ያለ ጫማ መለማመድም ልማዱ ስለነበረ ነው። በቶኪዮ ጫማ አድርጎ ሮጧል፤ ያውም የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት ስድስት ሳምንት ያህል ቢሆነው ነው። ያኔ ትሕትናው ቀነሰ ልንል ነው? ጸሐፊው እንዳለው ድህነትን ትሕትና ብለን ስንጠራው ሁለቱንም እናጠፋለን። ትሕትናውን የምናይበትን ቦታም አሳየን። በ1969 እ.ኤ.አ. በመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ሆኑ። በዓለም በእግሩ አንደኛ የነበረ ሰው በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ፣ ከማያውቁት ሰዎች መካከል ቀስት መወርወርን እንደ ጀማሪ ተማረ፣ ተወዳደረም። ድሉንም አደጋውንም ከአምላኩ እጅ እንደተቀበለ ይናገር ነበር። በ1973 እ.ኤ.አ. ሲያርፍ ገና 41 ዓመቱ ነበር።

ከአርባ በኋላ መማር ይቻላል ወይ ላልኩት፣ ከተነገሩኝ ሁሉ የበለጠ የነካኝ ይህ ነው። እግር ሲቀር ወንበር ላይ ተቀምጦ ሌላ ነገር ከሥሩ መጀመር። ምሰሶ መሸከምም እንደ ባዶ እግሩ ነው ማለት ነው፤ የሽማግሌው ትሕትና ምሰሶው አልነበረም፣ እኔ ግን ለሁለት ዓመት ያየሁት ምሰሶውን ብቻ ነበር።

ከ9ኛ እስከ 11ኛ

እነዚህ ሦስት መልሶች ከጉዳዩ ወጡ። አንዱ የፕላስቲክ ወንበር ይሻላል ወይስ የእንጨት አግዳሚ ብሎ ጠየቀ፣ ሌላው የሸራ ድንኳን በክረምት እንዴት እንደሚሻግት ጻፈ፣ ሦስተኛዋ ደግሞ ጥሩምባ ነፊው ቀርቶ በስልክ መልእክት ሞት መነገሩ እንዳሳዘናት አነሣች። የእርሷ ሐዘን ራሱን የቻለ ክር ይገባዋል፤ ሌሊት በጥሩምባ ድምፅ የተቀሰቀሰ ሰው ያውቀዋል።

12ኛ መልስ

ወደ ጉዳዩ የመለሰችን ነርስ ናት። ስለ ማሚቱ ጋሼ ጻፈች። ማሚቱ ለአራት ቀን አምጣ፣ ልጇ ሞቶ፣ ፌስቱላ (በረጅም ምጥ የሚመጣ፣ ሽንት መቆጣጠር የሚያሳጣ ጉዳት) ይዟት ገና ልጅ ሳለች ከገጠር አዲስ አበባ መጣች። ያከሟት ሬጅናልድና ካትሪን ሃምሊን በ1959 እ.ኤ.አ. ወደ ኢትዮጵያ የመጡ፣ በኋላም በ1974 እ.ኤ.አ. የፌስቱላ ሆስፒታሉን የከፈቱ ባልና ሚስት ሐኪሞች ናቸው። ማሚቱ ማንበብና መጻፍ አታውቅም ነበር። አልጋ በማንጠፍ ጀመረች፣ በቀዶ ሕክምና ክፍል መሣሪያ ማቀበል ቀጠለች፣ እጇ የሚያየውን ሲይዝ የተመለከቱት ሐኪሞች ደረጃ በደረጃ አስተማሯት። በመጨረሻ ከውጭ የሚመጡ ባለ ዲግሪ ሐኪሞች የፌስቱላን ጥገና ከእርሷ እጅ ተማሩ። በ1989 እ.ኤ.አ. የለንደኑ የቀዶ ሐኪሞች ንጉሣዊ ኮሌጅ የወርቅ ሜዳሊያ ከተሰጣቸው የሆስፒታሉ ባለሙያዎች አንዷ ነበረች።

ነርሷ ይህን የጻፈችው ማሚቱን ለማወደስ ብቻ አልነበረም። በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ትሕትና እንደነበረ ልታሳየን ነው። አንዱ የታካሚዋ ነው። ሌላው ብዙ ጊዜ የማይነገረው ነው፤ ያልተማረች ታካሚ ከአጠገቡ ቆማ ቢላዋውን እንድትይዝ የፈቀደ ሐኪም ትሕትና። በምትሠራበት ሆስፒታል ጽዳት ሠራተኛዋ የበሽተኛውን መባባስ ቀድማ አይታ ተናግራ፣ ሰሚ ያጣችበትን ቀንም ጨመረች። በሽተኛው አልተረፈም። የሆስፒታሉን ስም አልጠቀሰችም፣ እኔም አልጠየቅኋትም።

13ኛ መልስ

አራተኛው ሰው ተመለሰ። የመጣው ሊሳደብ ነው ብዬ ፈርቼ ነበር። ተሳስቻለሁ።

አባቱ ሲሞት አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። የእድራቸው ዳኛ በሰፈሩ ሁሉ የሚወደድ፣ ማንንም እምቢ የማይል ሰው ነበር። ለጠየቀው ሁሉ ከእድሩ ሣጥን ያበድራል፣ አይመዘግብም። ድንኳኑንም ለአንድ ወዳጁ ሠርግ በነፃ አውሶት ነበር። አባቱ ያረፈ ሌሊት ሣጥኑ ባዶ፣ ድንኳኑም በሌላ ከተማ ነበር። ልጁ የሬሳ ሣጥን መግዣ ከቤት ቤት እየዞረ ተበደረ፤ ለቀስተኛው በፀሐይ ላይ ቆመ። አባቱ ለሃያ ሁለት ዓመት አንድም ወር ሳያጓድል የከፈለ ሰው ነበር። ደንብ ሲጣስ የሚከፍለው ዝም ብሎ የኖረው ሰው እንደሆነ ያወቅሁት ያኔ ነው ብሎ ጻፈ።

ከዚያ ግን አንድ ነገር አመነ። የእርሱ ዳኛ ደግ የነበረው በሌላ ሰው ገንዘብ ነው። የእኛ ሽማግሌ ግን ደንቡን አልነኩም፤ መዋጮውን ከነቅጣቱ ከኪሳቸው ከፈሉ። አራተኛው መልሱ ላይ ደንቡን አቃለሉ ማለቱ ስሕተት እንደነበረ ጽፎ ይቅርታ ጠየቀ። ለደንባችንም አንድ አንቀጽ አቀረበ፦ ማንም አባል ከመታገዱ በፊት ዳኛው ራሱ፣ በተላላኪ ሳይሆን በእግሩ፣ ቤቱ ድረስ ሄዶ ይጠይቀው።

በዚህ ክር ላይ ከተጻፈው ሁሉ ለመጻፍ የከበደው ይህ ይመስለኛል። ስለ ትሕትና ብዙ ሰው ጻፈ፤ እርሱ ግን ሰው ሁሉ እያየ ቃሉን መለሰ። ስድስተኛው ጸሐፊም ስድቡን አነሣ።

14ኛ እና 15ኛ መልስ

አሥራ አራተኛው ጸሐፊ ምሬት ነበረበት። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ብሎ የሚተርት ሕዝብ ስለ ትሑት መሪ መነጋገሩ ከንቱ ነው አለ። በቤተ ክርስቲያን ደጅ መሬት የሚስሙ፣ ሰኞ ጠዋት ግን ባለጉዳይን ቀና ብለው የማያዩ አለቆችን ስም ሳይጠራ ዘረዘረ። ያልኖረበትን እንዳልጻፈ ከአነጋገሩ ያስታውቃል። ቢሆንም ልቀበለው አልቻልኩም። ተረቱን የተረተ ሕዝብ አበበች ስታርፍም ያለቀሰ ነው።

የመጀመሪያው ዲያቆን በሁለት መስመር መለሰለት። መሬት መሳሙን የሚያውቀው አምላክ ነው፤ ሰኞ ጠዋት የተደረገውን ግን ሰው ሁሉ ሊመሰክርበት ይችላል፣ ስለዚህ የምንጠይቀው ስለ ሰኞው ነው አለው።

16ኛ መልስ

ከዋሽንግተን አካባቢ የጻፈች ወጣት ሴት በዚያም እድር እንዳለ፣ የእነርሱ ዋና ሥራ የሟችን አስክሬን ለአገሩ አፈር ማብቃት እንደሆነ ነገረችን። ከዚያ ማንም ያልጠየቀውን አንድ ጥያቄ ጠየቀች። እስከዚህ ድረስ ሁላችንም ስለ ሽማግሌው፣ ስለ ነገሥታትና ስለ ሯጮች ስንጽፍ፣ ሴትዮዋስ? ሄደህ ይቅርታ ጠይቀሃቸዋል ወይ?

ለሦስት ቀን አልመለስኩላትም። ሌሎችም ዝም አሉ። አልሄድኩም ነበር።

17ኛ መልስ

ይህ የእኔ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ብቻዬን ሄጄ በራቸውን አንኳኳሁ። አስገቡኝ። ጉልበታቸው ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ይዘው ወንበር አሳዩኝ። የምለውን ሁሉ ሳያቋርጡ አዳመጡኝ። እግዜር ይቅር ይበልህ አላሉኝም፣ አልተቀየሙኝምም። ተነሥተው ከቁም ሣጥኑ ውስጥ በመሐረብ የተጠቀለለ ወረቀት አመጡ። ያ በሽማግሌው ስም የተቆረጠው ደረሰኝ ነበር። ከቀብሩ በኋላ በየወሩ ጥቂት ጥቂት እየከፈሉ ለሽማግሌው ዕዳቸውን እንደጨረሱ፣ በመጨረሻው ቀን እርሳቸው ደረሰኙን እንደሰጧቸው ነገሩኝ። ከእኔ የሚፈልጉት አንድ ነገር ነበር። ለሦስት ወር ያልከፈለች ተብለው በመዝገብ ላይ መቅረታቸው እንቅልፍ ነሥቷቸዋል፤ ከፍለዋልና በስማቸው ይጻፍላቸው።

በማግስቱ ሽማግሌውና ገንዘብ ያዡ ባሉበት የቀድሞውን ደረሰኝ ቅጂዎች ሁሉ ሰርዘን መዝገቡን አረምን። ቅጣቱን እንድተውላቸው ብለምናቸው እምቢ አሉ፤ ከአባሎች ሁሉ ተለይተው አይታዩም። አዲሱን ደረሰኝ ከነቅጣቱ በስማቸው ቆርጬ ማኅተም መታሁበትና ቤታቸው ወሰድኩላቸው። ወደ መስኮቱ ጠጋ ብለው ስማቸውን አነበቡ፣ አጠፉት፣ ከእናታቸው ፎቶግራፍ ጀርባ አስቀመጡት።